ዋስ ያጣው በሬ

አረፋ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው የአብዱሰመድ በሬ ታሰረ። የአብዱሰመድ ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ የሰባት አባወራ በሬ ነው። ከወሎ መጥተው መቐለ የሚኖሩ ሰባት ሰዎች ለዕርድ ተጋርተው ገዙትና ጥበቃውን ከመካከላቸው ሮማናት አደባባይ ሰልባጅ ለሚሸጠው ለአብዱሰመድ ሰጡት። እሱ ደግሞ ለቆርቆሮ አጥር አደራ ሰጠው። በሬው አንዱን ቆርቆሮ ጭምር ጎትቶ ሄደ።

ቦቃ፣ ስሙ ይኼ ነው፣ የተያዘው ከሓድነት ሠፈር በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ችግኝ ተተክሎበት ከብት እንዳይገባ ከተከለለ ሦስት ዓመቱ። ደንቡ አጭር ነው፤ የገባ ከብት ይታሰራል፣ የሠፈሩ ነባር ሰው ዋስ ሆኖ ካልፈረመለት አይለቀቅም። የሠፈሩ ኮሚቴ ደንቡን ሲያወጣ ማሰሪያ በረት መሥራቱን ረሳው። አጥር ያለው ያው ክልሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦቃ ሣር በላህ ተብሎ ሣር ውስጥ ታሰረ። ዘበኛው ኣቦይ ገብረተንሳኤ፣ በሬው ዙሪያውን ግጦ በጨረሰ ቁጥር ካስማውን ነቅለው ወዳልተነካው ያዛውሩለታል፤ እስረኛ አይራብም ባይ ናቸው።

አብዱሰመድ ዋስ ፍለጋ ሠፈሩን ዞረ። አከራዩ ለአንተ ቢሆን ዓይኔን አላሽም ነበር፣ ለበሬ ግን ከበደኝ አለው። ባለ ሱቋ ፊዮሪ በሬው ራሱ መጥቶ ይለምነኝ አለች። ቤት ሲመለስ ስድስቱ ባለድርሻዎች ደጁ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ቢላውን ከወዲሁ አስሎ መጥቷል። ሚስቱ ዘሃራ ቢላው ያለ ሥራ እንደማይመለስ በጆሮው ነገረችው።

በዋዜማው የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ ኣኽበረት ችግኝ ሊቆጥሩ ሲወጡ፣ አብዱሰመድ እየለመነ ተከተላቸው። ቦቃ ባልደረሰበት በኩል የአምናው ሣር ደርቆ ወገብ ድረስ ቆሟል፤ ወይዘሮዋ ችግኙን በእጃቸው እየዳበሱ ፈለጉ፣ ያገኙት ሁሉ የገረጣ ነው። ቦቃ ክብ ክብ አድርጎ በጋጠው ላይ ግን የወይራ ችግኞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሰሞኑ ካፊያ መሬት የነካው እዚያ ብቻ ነው፤ እበቱም አልጎደለባቸውም። አንዷን ብቻ ቀምሶ ተፍቷታል።

«ይኼን ማን አረመው?» አሉ ኣኽበረት።

ገብረተንሳኤ በአገጫቸው ወደ በሬው ጠቆሙ። ወይዘሮዋ አፍጥጠው አዩት፤ እሱም ማመንዠኩን ሳያቋርጥ አያቸው። ያንን ደንብ በገዛ እጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው።

«ኣደይ ኣኽበረት፣ ነገ እኮ አረፋ ነው» አለ አብዱሰመድ። «ዋስ የሚሆነኝ ሰው አጣሁ።»

«እኔ እፈርማለሁ» አሉ ገብረተንሳኤ። «ግን ወደይ፣ ልጄ፣ የከርሞውን በሬ ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ግዙ።»

«ለምን?»

«እንድይዘው ነዋ።»

አብዱሰመድ ወደ ሊቀመንበሯ ዞረ። እሳቸው ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው መቁጠር ጀምረዋል። ቀና ሳይሉ፣ «ክልል የገባ ከብት መያዝ ደንብ ነው» አሉ። ከዚያ ዘበኛውን፣ «የክልሉን በር ግን አይቆልፉት» አሏቸው።

ወረቀቱ ተፈረመ። አብዱሰመድ ገመዱን ፈትቶ ሳበ። ቦቃ ቀና ብሎ አየውና ወደ ሣሩ ተመለሰ። እስረኛውን ለማስወጣት ስድስቱም ባለድርሻዎች መጠራት ነበረባቸው።