ጭምብሉ ያልሸፈነው ድምፅ

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። በተዘጋው በርና ብርድ ልብስ በተቸነከረበት ግድግዳ አልፎ ታፍኖ መጣ፤ ሳቅ ለመሆኑ ግን አያጠራጥርም። አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ከዚያ የሆነች ልጅ ትንፋሽ አጥሯት ስትንፈራፈር ወንበር ወደቀ።

ተርጓሚው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። የት ቦታ እንደደረሱ ለማወቅ ማየት አላስፈለገውም፤ ፊልሙን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ልጅቷ ብቻዋን ቤት ናት። ስልኩ ይጮኻል። ታነሳለች። ገዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ይከፍታል። የሰው ልብ ቀጥ ይልበታል ብሎ የተማመነበት ቦታ ይሄ ነበር፤ እነሱ ደግሞ መርጠው መርጠው የሳቁት እዚሁ ላይ ነው።

ስቱዲዮው ከአንድ መድኃኒት መደብር በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። የውጭ ፊልም ይመጣለታል፣ በአገሬው ቋንቋ አናግሮ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ይመልሳል። ተርጓሚው እዚህ ከመግባቱ በፊት በአባቱ ጎማ ቤት ነበር የሚሠራው፤ እጁ ጎማ እየፈታ ልቡ ሌላ ከተማ የሚውል ልጅ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ያወጡት ጋሼ የሚላቸው፣ እዚሁ ስቱዲዮ ለፊልም ድምፅ የሚሰጡት የእናቱ ወንድም ናቸው። አንድ ቀን ጎማ ቤቱ ድረስ መጥተው አባቱን፣ ይሄ ልጅ ጎማ ውስጥ አየር ከሚሞላ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ቢሞላ ይሻለዋል አሉት። አባትየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ውሰደው፣ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ካልደገሙለት ፓምፕ አያቀብልም አለ።

ይህ ፊልም ለብቻው የተሰጠው የመጀመሪያው ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነግሮታል። ጣቢያው ፊልሙን የሰጣቸው ለሙከራ ነው፤ ወጣቶቹን ካስፈራ ተከታዮቹም ለእነሱ ይመጣሉ፣ ካላስፈራ ግን ሥራው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፣ እሱም ወደ ጎማው። የጣቢያው ኃላፊ ዛሬ ከሰዓት መጥታ ታየዋለች። እሷ ሳትደርስ ነው እህቱን፣ ጓደኞችሽን ይዘሽ ነይና እዩልኝ ያላት።

በሩ ተከፈተና እህቱ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች ወጣች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ለወንድሟ ታዝናለች፣ ግን ከሳቅ በኋላ።

«ፊልሙ አይደለም ያሳቀን» አለች። «ጋሼ ናቸው።»

«ምን አደረጉ?»

«ተናገሩ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ አንድ በአንድ ነገረችው። ገዳዩ በስልክ፣ የት እንዳለሽ አውቃለሁ ሲል አንዷ ጓደኛዋ ከኋላ፣ ልብስ እያጠብኩ ነው ብላ መለሰችለት። አጎታቸው ለዓመታት የአንድ ሳሙና ማስታወቂያ ድምፅ ናቸውና። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየታክሲው ያ ወፍራም ድምፅ ነጭን ከነጭ የበለጠ ሲያነጣ ያልሰማ ልጅ የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደውም ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ሳሙናው ነው የሚባሉት። ይህንን ግን እሳቸው አያውቁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሳቁ ብቻ ቢሆን ደግሞ በቻለው ነበር። ፊልሙ ውስጥ ትልቅ የዶሮ ራስ ያጠለቀ ሰው ድሮ ሦስት ተማሪዎችን ገድሎ ሳይያዝ ቀርቷል። ዛሬ ተመልሶ ያኔ ያመለጠችውን አራተኛዋን ይገድላል፤ እሷም አሁን እናት ናት። ልጇ በትምህርት ቤቱ አሮጌ አሳንሰር ስትወርድ እናቷ ተማሪ የነበረችበት ዘመን ላይ ትወጣለች። የራሷን እናት ጓደኛ አድርጋ ገዳዩን መፈለግ ትጀምራለች። በመጨረሻ የዶሮው ራስ ሲወልቅ ከሥሩ የሚገኘው ያ ለሁሉም የሚያዝነው ደጉ የስፖርት መምህር ነው። እንግዲህ የፊልሙ ነፍስ ያለችው እዚህ ነው፤ ይህ ከታወቀ የቀረው ሩጫ ነው።

ተርጓሚው ድምፅ ሲያከፋፍል ገዳዩንም መምህሩንም ለአጎቱ ሰጣቸው። አንድ ሰው ስለሆኑ አንድ ድምፅ ይኑራቸው ብሎ ነው፣ ልክ የሠራ መስሎት። እናም መምህሩ ገና ብቅ ብሎ ለልጅቷ ኮዳ እያቀበለ፣ ውሃ ጠጪ ልጄ፣ ደክሞሻል ሲላት፣ ልጆቹ በአንድ አፍ፣ እሱ ነው ብለው ጮኹ።

«ሌላው ግን ጥሩ ነው» አለች እህቱ ልታጽናናው። «ሞኝ ፊልም ነው፣ ግን ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እናቷን ካዳነቻት፣ ኋላ እናቷ አትሞትም። ካልሞተች ልጅቷ ለምን ብላ አሳንሰር ውስጥ ትገባለች?»

እሱ ራሱ ይህን ጥያቄ ስንት ቀን አላምጦታል፤ ሳይውጠውም ሳይተፋውም ቀርቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ተብሎ ላደገ ሰው፣ የፈሰሰው ታፍሶ ማሰሮው ውስጥ ሲመለስ ማየት በራሱ ደስታ ነው፣ እንዴት ተመለሰ እያልሽ አትጨቅጭቂኝ አላት። ፊቱ ተኮሳትሮ ስላየችው ማስቲካ አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተች። ጓደኞቿ እየተጎሻሸሙ ደረጃውን ሲወርዱ እሷ ቀረች።

አጎቱ ሲመጡ ቀጂዋ ማሽኑ ፊት ተቀምጣ ነበር። ድምፅ መቅዳት ሥራዋ ነው፤ ለቀልድ አትስቅም፣ ለቁም ነገርም አታዝንም። ተርጓሚው ነገሩን እንዴት እንደሚጀምር ጠፍቶት ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ስለ ጣቢያው ኃላፊ አወራ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች ጆሮ አወራ፣ ስለ ጭምብልና ስለ ድምፅ ግንኙነት አወራ። አጎቱ ኮታቸውን በሩ ጀርባ ሰቅለው፣ የቀኝ ጫማቸውን ክር እያሰሩ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ገዳዩና መምህሩ አንድ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«ናቸው ጋሼ።»

«አንድ ሰው ስንት ጉሮሮ አለው?»

ከወር በፊት እሱም እንዲሁ ነበር ያሰበው። ሆኖም ተለማመጣቸው፤ የዶሮውን ብቻ፣ ትንሽ ለወጥ አድርገው እንዲሞክሩት። አጎቱ እንደ ቅሬታም እንደ ኩራትም አድርጓቸው ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን መስታወት አልፈው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ጨርቅ ላይ ዘረጉት። ማራገቢያው ጠፋ፤ እሱ እየዞረ አይቀዳምና። ወዲያው ክፍሉ እንደ ምጣድ ጋለ።

በሰለለ ድምፅ ሞከሩት። ጉንፋን የያዘው ሳሙና ሆነ። በቀጭን ሞከሩት፤ ገና ጢም ያላበቀለ ሳሙና። በሹክሹክታ ሞከሩት፤ ሹክሹክታቸው ራሱ እስከ መድኃኒት መደብሩ ይሰማል። እያንዳንዱ ሙከራ ሲያልቅ በመስታወቱ በኩል ቅንድባቸውን አንስተው ያዩታል። እሱም፣ ጥሩ ነው ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው ይላል፤ ሲደግሙትም፣ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይላል። ውሃ ወቀጣ ነው። እውነቱን ቢናገር ከጎማ ቤት ያወጣውን ሰው አዋረደ፤ ባይናገር እዚያው ተመለሰ። እንደ ፊልሙ ልጅ በአሳንሰር ወርዶ፣ ያን የድምፅ ክፍፍል የጻፈበትን ጠዋት አግኝቶ የራሱን እጅ ቢይዝ ተመኘ።

በመጨረሻ ቀጂዋ ድምፁን በማሽን አወፈረችው። አዳመጡት። እሷ ዘንበል ብላ ወደ ተርጓሚው ጆሮ፣ «አሁን ደግሞ በርሜል ውስጥ የወደቀ ሳሙና ሆነ» አለች።

ክንዷ ግን፣ እዚህ የሚነገረው ውስጠኛው ክፍል እንዲሰማ የሚያደርገው ቁልፍ ላይ ተጋድሞ ነበር። ለአጎቱ፣ ይድገሙት ጋሼ ለማለት ስትጫነው የዋለችው ቁልፍ ነው።

በመስታወቱ ውስጥ አጎቱ ቀና አሉ። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«ሳሙና ማነው?»

ቀጂዋ ቁልፉን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችው። እህትየው ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ተርጓሚው ቁልፉን ተጫነ። ልጆቹ እንዲህ የሚሉዎት በፍቅር ነው ጋሼ፣ ስለሚያውቁዎት ነው አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የባሰ ሆነ።

አጎቱ በሩን ከፍተው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ በቀለለው። የጆሮ ማዳመጫውን እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«እንግዲህ ግባና አንተ አስፈራራን።»

እሱ የሚናገር ሰው አይደለም። የልጅነት ጓደኞቹ እንኳ ድምፁን ረስተውታል ሊባል ይቻላል። እምቢ አልልም፣ ግን አልችልም አለ። አጎቱ ወደ በሩ በአገጫቸው ጠቆሙት። ገባ።

ክፍሉ አሁንም ይግላል። ወንበሩ አጎቱ የተቀመጡበት ሙቀት አለው። ማሳያው ላይ ልጅቷ ስልኩን አነሳች። በሁሉም ነገር ተናዶ ነበር፤ በፊልሙ፣ በልጆቹ፣ በቀጂዋ ክንድ፣ በአጎቱ ዝምታ፣ ከሁሉ በላይ በራሱ። ለማስፈራራት የሚሆን ጉልበት አልቀረውም። የራሱን ጽሑፍ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው፣ የትም ሳይቸኩል፣ ደረቅ አድርጎ አነበበው። «የት እንዳለሽ አውቃለሁ። መብራቱን አታጥፊው። ብታጠፊውም አውቃለሁ።»

ሲጨርስ በመስታወቱ ወዲያ እህቱ ሁለት ክንዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ቀጂዋ ቁልፉን ተጫነች፤ ይህን ጊዜ ሆን ብላ። «አንተ ደራሲ፣ ቀጥል እንጂ» አለችው።

የዶሮውን ቃል በሙሉ አንብቦ ሲጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። በመጨረሻው ትዕይንት ገዳዩ እየተናገረ ሳለ ልጅቷ ጭምብሉን ትነጥቀዋለች፤ ዓረፍተ ነገሩ በዶሮው ተጀምሮ በመምህሩ ያልቃል። እስከ ጭምብሉ የእሱ ድምፅ፣ ከጭምብሉ በኋላ ሳሙናው። አንድ ሙሉ ሰው ሳይሆን እንደ ጎማ ተቀዶ የተለጠፈ ይመስላል። ፊልሙ ይሄን ካልተሻገረ ያለፈው ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን በመስታወቱ ውስጥ አጎቱን እያየ ያስባል፤ እሳቸውም ማሳያውን ያያሉ።

አጎቱ ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። ሌላ ወንበር ስለሌለ ቆመው፣ አንድ ማይክሮፎን ላይ ጎን ለጎን ተጠጉ። የአጎቱ ትከሻ ትከሻውን ነካው። በጣታቸው ምልክት ሰጡት፤ የፊልሙን አፍ ሳይሆን የሱን ትንፋሽ እየተከተሉ መሆኑን በጎን አየ።

«እኔ እናትሽን ረስቻት ነበር» አለ ተርጓሚው።

ጭምብሉ ወለቀ።

«አንቺ ነሽ ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ያስታወስሽኝ» አሉ አጎቱ።

ያ ወፍራም ነገር አልነበረም። ያ በየታክሲው የሚንጎማለለው፣ ቃሉን ሁሉ በብብቱ ይዞ የሚሄደው ድምፅ የለም። ደክሞት ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ ነው፤ ከእህታቸው ልጅ ድምፅ ሥር እንደ ውሃ ገብቶ፣ ስፌቱ ሳይታይ ወጣ። ተርጓሚው ተወልዶ እስኪያድግ አጎቱን ሲሰማ ኖሯል። ይህንን ግን ቤታቸውም፣ ለቅሶ ላይም፣ የትም ሰምቶት አያውቅም።

ቀጂዋ መልሳ አሰማቻቸው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ደግማ አሰማቻቸው። እህቱ በመስታወቱ ወዲያ የምትለው አይሰማም፤ ግን ወደኋላ፣ ወደ በሩ ዞራ አየች፣ ሰው እንደቆመ ሁሉ።

ተርጓሚው ቀኑን ሙሉ ያልተሰማው ደስታ አሁን መጣለት። ሠርቷል። የፊልሙ ሒሳብ ባይገጥምም፣ እናትየው ድናም ልጅቷ ለምን እንደመጣች ማንም ባያስረዳም፣ ሠርቷል። ገዳዩ፣ እኔ ረስቻት ነበር ሲል፣ ለእናቷ ሞት መነሻው የልጅቷ መምጣት ራሱ ነውና፣ ያ አላምጦ ያልዋጠው ጥያቄ ራሱ አስፈሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የቀረው የመምህሩ ክፍል ብቻ ነው። ኮዳውን የሚያቀብልበት፣ ልጆቹን የሚያጽናናበት፣ እናትየውን ወደ ቤት የሚሸኝበት፣ ሁሉም ገና በሳሙናው ድምፅ ነው ያለው። ይሄም በዚህ በአዲሱ ቢነገር ማን ይጠረጥረዋል? የጣቢያው ኃላፊ እስክትመጣ ይደርሳል።

የአጎቱን ፊት ሳያይ፣ ስለ ሳሙናውም ይቅርታ ሳይል፣ ወረቀቱን ቸኩሎ ገለጠ። ተንኮሻኮሸ።

«ጋሼ፣ የውሃዋን ቦታ ከመጀመሪያው እንያዘው። ልክ እንዳሁኑ፣ እንዲሁ ዝቅ አድርገው።»

ቀጂዋ መቅጃውን አስጀመረች። ማሳያው ላይ መምህሩ ኮዳውን ይዞ ወደ ልጅቷ መጣ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ አለፈ። ምንም አልተሰማም። ተርጓሚው ዞር አለ። አጎቱ ማይክሮፎኑ ፊት አልነበሩም። በሩን ከፍተው፣ በእህቱና በቀጂዋ መካከል አልፈው፣ ኮታቸውን ከውጨኛው በር ጀርባ አነሱ።

«ጋሼ?» አለ።

በማይክሮፎኑ በኩል ስለተናገረ ድምፁ በውጨኛው ክፍል ትልቅ ሆኖ ተሰማ። አጎቱ አንዱን እጅጌ አጠለቁ። ሌላውን እንደተንጠለጠለ ትተው፣ ቀስ ብለው ደረጃውን ወረዱ።