የሐሙስ ምርቃት

በመጪው ቅዳሜ ዘይቱና ልትጠለፍ ነበር። ጠላፊው በሺር ነው፤ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ሙሄዲን፤ ከቤት የሚያወጣት ደግሞ ጀላል። ዘይቱና ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ፊደል ያስቆጠራት ጀላል ስለሆነ፣ «እናትሽን አሟታል» ቢላት ያለ ጥርጣሬ ትከተለዋለች። ጀላል ብቻውን መሄድ፣ ብቻውን ማሰብ የሚወድ ልጅ ነው፤ ጠለፋውን በሐሳቡ ሲስለው ፈረስና ጨረቃ ብቻ ነበር የሚታየው። ባለፈው እሁድ እንኳ የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ሴቶች እኩልነት ሲናገር፣ ሦስቱም እጃቸው እስኪቀላ አጨብጭበዋል።

ሐሙስ ከሰዓት ደሴ፣ ሆጤ ወደሚገኘው የጀላል ሴት አያት፣ የእመት ሐዋ ቤት ሄዱ። ሙሽራ ሊያመጣ የሚነሳ ሰው ሳይመረቅ አይወጣምና፣ እነሱም እንደ ልማዱ ጫት ይዘው ገቡ። ምን እያስመረቁ እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡትም።

«እመት ሐዋ፣ ዱዓ ያድርጉልን» አለ በሺር ጫቱን በሁለት እጁ እያቀረበ። «ቅዳሜ ሙሽራ ላመጣ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ኒካው መቼ ታሰረ?»

ሙሄዲን ሳቀ። «ኒካው ኋላ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሙሽሪት ትያዝ! አባባ አብዱልወሀብ እርስዎን እንዳመጡዎት ነው እኮ!»

ጀላልም ሳቀ። ያ ታሪክ በየዒዱ ይነገራል፤ ወንድ አያቱ አባባ አብዱልወሀብ እመት ሐዋን ከደጋን መንደር ነጥቀው በበቅሎ ሲያመጡ፣ ሙሽሪት ስትነክሳቸው ሲወራ፣ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

እመት ሐዋ አልሳቁም። የግራ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ከክርናቸው በላይ እንደ ቅርንጫፍ ጎብጧል። ጀላል አይቶት አያውቅም።

«ይህን አያትህ ናቸው የሰበሩት» አሉ። «ስለጮህኩ። ጠጉሬ በቅጡ ያልተጎነጎነ ልጅ ነበርኩ።»

ጀላል ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እሳቸውን ይቅር ብያለሁ፤ ወልጄላቸዋለሁ፣ ቀብሬያቸዋለሁ። ግን አንድ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ እንደ ወንድሜ የማየው። ‹ነይ፣ ትፈለጊያለሽ› ብሎ ከቤት ያወጣኝ እሱ ነው። እሱን ወላሂ እስከ ዛሬ አፉ አላልኩትም።» ቀና ብለው አዩዋቸው። «ከእናንተ ጠሪው ማነው?»

በሺርና ሙሄዲን ወደ ጀላል ዞሩ።

እመት ሐዋ የልጅ ልጃቸውን እንደማያውቁት ሰው አዩት። ከዚያ ጫቱን ወደ በሺር ገፉት። «ውሰዱት። እኔ በዚህ ላይ እጄን ወደ አላህ አላነሳም።»

ደጅ ሲወጡ በሺር ተቆጣ። «የአሮጊት ወሬ አስደነገጠህ እንዴ?»

«እኔ አልጠራትም» አለ ጀላል።

«አንተ ፈሪ! ሌላ ጠሪ ይጠፋል ብለህ ነው?»

ያን ቃል ይዞ ነው ያደረው። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። ዘይቱና በሩን ከፍታ ስታየው ፊቷ በራ።

«ጋሼ ጀላል! ግባ እንጂ!»

«አልገባም። በሺር ነገ ሊጠልፍሽ ነው። እህትሽና ባሏ ይወቁት፤ ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ።»

«ማነው የሚጠራኝ?»

መዋሸት ይችል ነበር።

«እኔ ነበርኩ» አላት።

ዘይቱና አፏን በእጇ ያዘች። ወደ ኋላ ሸሸችና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማ፤ ቀጥሎም ከባድ ነገር እየተጎተተ መጥቶ ከበሩ ጋር ተላተመ።

«እህቴ! እህቴ!» እያለች ስትጮህ፣ ጀላል ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። የምትጮኸው እሱን ፈርታ ነበር።