ሙሉ ባትሪ

ሰማዩ ላይ የዳመና ምልክት የለም፤ የፒካፗ ዝናብ መጥረጊያ ግን ደረቁን መስታወት እየፋቀ ይመላለሳል። የፊት መብራቷ በጠራራ ፀሐይ በርቷል። ማሞቂያዋ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ወደ ቆላ የሚወርዱትን ሁለት ሰዎች ፊት ይለበልባል። ሙዐዊያ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ አይጠርገውም። አጠገቡ የተቀመጠው ለሜሳ ሸሚዙን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎታል።

«ሌላ የሚበራ ነገር አለ?» አለ ሙዐዊያ።

«ሬዲዮው። እሱም የሚበላው የወፍ ያህል ነው።»

«ክፈተው።»

ለሜሳ እጁን ሰደደና መለሰው። «ለቅሶ እየሄድን?»

የሙዐዊያ አባት ጎህ ሲቀድ ኩርሙክ ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ነው፤ በዚያ ሙቀት ጀናዛ አይቆይም። ሙዐዊያ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈር ሳይመለስባቸው ፊታቸውን ማየት። የኩርሙክ ሚኒባስ ቀድሞ ከአሶሳ ወጥቷል፤ የነዳጅ ሰልፉ ጫፉ አይታይም። የቀረችው ሁለቱ መምህራን በኮሌጃቸው ወርክሾፕ ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ የቀየሯት ይቺ አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ሪባን ተቆርጦላታል። ሪባኑን የቆረጡት ሰዎችም አጠገቧ ፎቶ ተነስተው በናፍጣ መኪናቸው ተመልሰዋል።

ጠዋት ባትሪዋ ከግማሽ በላይ ነበር፤ ለቁልቁል መንገድ ይበቃ ነበር። ሙዐዊያ ግን ፈራ። «መንገድ ላይ ከቆምን አላየውም» ብሎ ቻርጀሩን ሰካ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ግድቡ ባለበት ክልል መብራት ጠብቆ መቀመጥ ሁለቱ ሲስቁበት የኖሩት ነገር ነው፤ ያን ጠዋት ግን ማንም አልሳቀም። መለኪያው መቶ ሲል ረፋዱ አልፎ ነበር።

የረሱት ነገር የታወሳቸው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነው። መኪናዋን ቁልቁል የሚይዛት ሞተሩ ነው፤ ፍጥነቷን እየገታ፣ ከመግታቱ የሚያገኘውን ጉልበት ለባትሪው ይመልሳል። የሞላ ባትሪ ግን አይቀበልም። ባትሪው ካልተቀበለ ሞተሩ አይገታም፤ ሸክሙ ሁሉ ያረጀው ፍሬን ላይ ይወድቃል። የእንቅስቃሴውን ፕሮግራም የጻፈው ሙዐዊያ፣ የባትሪውን የጻፈው ለሜሳ ነው። የማን ፕሮግራም በማን ላይ ይዘዝ በሚል እስኪኮራረፉ ተጨቃጭቀዋል። በሙከራ ቀን ፍሬኑ ጨሶ ካስደነገጣቸው በኋላ ግን ተስማሙ፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ከእግረኛ ሩጫ አትበልጥም። አሁን የታዘዘችውን እየፈጸመች እንደ ሰርግ አጀብ ትሳባለች። እነሱም ጠዋት የለመኑትን መብራት በላብ ለማባከን ይጣደፋሉ።

ለሜሳ ላፕቶፑን ከእግሩ ስር አነሳ። «የፍጥነት ገደቡን ላንሳው? አባትህ ናቸው፤ አንድ ቃል በለኝ።»

ሙዐዊያ ወደ ታች ተመለከተ። መታጠፊያው ይታያል፤ ከመታጠፊያው ባሻገር ገደሉ።

«አንተም እናት አለችህ» አለ።

መለኪያው ከመቶ ወደ ዘጠና ዘጠኝ ለመውረድ፣ ፊርማ እንደሚያጓትት ሹም አቅማማ።

የሙዐዊያ ስልክ ጮኸ። አጎቱ ሼህ ኢዘዲን ናቸው። በበርታኛ ስለሚነጋገሩ ለሜሳ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው።

«የት ደረስክ ልጄ?»

«ቁልቁለቱ ላይ ነኝ።»

«ሰላቱ ተሰገደ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ታላቁ ልጅ አንተ ነህ። ጠብቁ ካልክ እንጠብቃለን።»

«ጠብቁ» የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን አባቱ፣ ደጃቸው ላይ ሰው ቆሟል ሲባሉ የያዙትን ጉርሻ አስቀምጠው የሚነሱ ሰው ነበሩ።

«ቅበሩት» አለ። «እኔን አትጠብቁ።»

ለሜሳ ቃሉን ባይሰማም ፊቱን አይቶ ገባው። ማሞቂያውን አጠፋ፤ መጥረጊያውን፣ መብራቱን አጠፋ። ከዚያ ሸሚዙን ለብሶ እስከ አንገቱ ቆለፈው።

ብዙም ሳይቆዩ ቁልቁለቱ አለቀና መንገዱ ሜዳ ላይ ተዘረጋ። ገደቡም ተነሳ፤ አሁን መኪናዋ የፈለጉትን ያህል ትሮጣለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ። እህቱ ዐፊፋ ነበረች፤ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ሻክሯል።

«እንግዲህ ቀስ ብላችሁ ኑ» አለች። «መንገዱ ክፉ ነው።»

የኩርሙክ የመጀመሪያ ቤቶች ብቅ ሲሉ መንገዱን ሞልተው የሚሄዱ ወንዶች ከፊታቸው ታዩ። ከመቃብር እየተመለሱ ነው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ሆኗል። አጎቱ አካፋ በትከሻቸው ይዘው መሃል ይራመዳሉ። መኪናዋ ድምፅ ስለሌላት ማንም አልዞረም።

ለሜሳ ጡሩምባውን አየ፤ ከዚያ ሙዐዊያን አየ።

ሙዐዊያ እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስቶ በእነሱ እርምጃ ከኋላ ተከተላቸው። ከአጎቱ አካፋ ላይ ትንሽ ትንሽ አፈር እየረገፈ መንገዱ ላይ ይቀራል። ጎማው እንዳይረግጠው መሪውን በስሱ ወደ ግራ አዞረ።