ፊቷን የለበሱ ሰዎች

ካርቶኑ ከመኪናው ሲወርድ ካርታ ሠሪዋ ውስጡ የመጠጥ ውሃ መስሏት ነበር። ምራቷ ፕላስተሩን በጥርሷ ቀድዳ አንዱን መዝዛ ስትዘረጋው ግን የካርታ ሠሪዋ የራሷ ፊት ወጣ። ነጭ ካናቴራ ላይ ከአንገት እስከ እምብርት ታትሟል። በቀዶ ጥገናው ማግስት አልጋ ላይ የተነሳችው ፎቶ ነው፤ ሻሿ ወደ ግራ ዞሯል፣ ፈገግታዋን ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም። ከላይ በቀይ ቀለም «ጉልበቷ ብረት፣ ልቧ ወርቅ!» ይላል።

ካናቴራው አሥራ ሁለት ነበር። ከተራራው ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ አሥራ አንድ ትልልቅ ሰዎች እየተሳሳቁ ፊቷን አጠለቁት። ቦርጫሙ ላይ ጉንጯ ተነፋ፣ ቀጭኑ ላይ አፏ ታጠፈ።

«አሥራ ሁለተኛው ያንቺ ነው፣ እማ» አለች ምራቷ።

«የራሴን ፊት ልለብስ?»

«አዎ! ደስ አይልም?»

«እኔ አንገቴ ላይ አንድ አለኝ።»

ልጇ ሊስቅ ከጀመረ በኋላ ሚስቱን አይቶ ዋጠው።

ከልጇና ከምራቷ በቀር ሰዎቹ የቅዳሜ ተጓዦች ማኅበር አባላት ናቸው። ካርታ ሠሪዋ ከእነሱ ጋር ተራራ መውጣት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል፤ ያለፈውን አንድ ዓመት ከምናምን ግን መጀመሪያ የቀኝ ጉልበቷ ስላለቀ፣ ቀጥሎም ስለተቀየረ ቤት ቀርታለች። ሰብሳቢያቸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ከአንገቱ ፊሽካ ስለማይለይ «ፊሽካ» ይሉታል፣ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሎታል። ድሮ «አንቺ» ይላት ነበር። ሆስፒታል ብርቱካን ይዞ በመጣ ቀን «እርስዎ» አለና በዚያው ቀረ። ጉልበቷ ሲቀየር ተውላጠ ስሟም አብሮ ተቀየረ።

«እትዬ» አላት አሁን፣ እጆቹን እያፋተገ፣ «ዕቃው ኦሪጅናል ነው አይደል?»

«አንተ ከምትሸጠው ይሻላል። እስካሁን ይመለስልኝ ያለ የለም።»

ሁሉም ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

የመጣችው ለእነሱ ብላ አይደለም፤ ለቤቷ ብላ ነው። የምትኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። ልጇ ደግሞ መድን ድርጅት ውስጥ አደጋ ገማች ነው፤ ሰው ፊቱ ሲቀመጥ እንኳ አስቀድሞ የወንበሩን እግር ያያል። እናቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከቤቱ ጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ፣ የመታጠቢያው ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ አስተክሎ፣ አልጋው ሥር የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፎ ይጠብቃታል። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የሚያየው የጎረቤትን የውሃ ታንከር ነው።

ነገሩ የተቆረጠው ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ልጇ ቤት ምሳ ላይ ነው።

«እማዬ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወድቀሽ ብትገኚስ?»

«ታነሱኛላችኋ።»

«ቀልድ አይደለም። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው፣ እንዲህ ዓይነት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት...»

«በመቶኛ እንዳትነግረኝ።»

«እሺ፣ ለምንድን ነው ያንን ቤት ሙጭጭ ያልሽው?»

«ብርሃኑ ጥሩ ነው።»

ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የረዘመ መልስ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ሹካዋን አስቀመጠችና «ትልቁን ተራራ ወጥቼ ብወርድስ?» አለች።

«ያለ ሰው እጅ?»

«ያለ ሰው እጅ።»

ልጇ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እሺ» አለ። «ወጥተሽ ከወረድሽ ስለ ቤቱ ሁለተኛ ትንፍሽ አልልም። አንድ ሰው ከደገፈሽ ግን በወሩ መጨረሻ ዕቃሽን እንጭናለን።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ነገሩ በሁለቱ መካከል ቢቀር ደግ ነበር። ምራቷ ግን ለፊሽካ ደወለች፣ ፊሽካ ለማኅበሩ አወራ፣ ማኅበሩ ደግሞ ማተሚያ ቤት ሄደ።

ተራራውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በካርታ ሥራ ድርጅት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ የዚህን ተራራ ከፍታ መስመሮች አንድ በአንድ በእጇ ነድፋለች። መሬቱን የለካችው ከሟች ባሏ ጋር ነበር፤ እሱ የመለኪያውን ዘንግ ያቆማል፣ እሷ በመለኪያው መነጽር ታነባለች። ዛሬ ይህን ማንም እንዲያነሳባት አልፈለገችም፤ ማንም አላነሳም።

ፊሽካ ፊሽካውን ነፋ፣ ጉዞው ተጀመረ።

የእነዚህ ሰዎች አካሄድ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገባት። ቦርጫሙ ላብ በላብ ሲሆን ቆሞ «ለእናታችን ስንል ትንሽ እንረፍ» ይላል። ቀጭኑ ጫማው ሲቆረቁረው «እስቲ እናታችን ትንፋሽ ይሰብስቡ» ይላል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ፎቶ መነሳት ባማራት ቁጥር «እማማ ደከማቸው መሰለኝ» እያለች ድንጋይ ላይ ትወጣለች። እማማ አልደከማትም። ቁጭ ካለች ጉልበቷ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ስለሚጠነክርባት ቆማ፣ ሁለት የመሄጃ ዘንጎቿን ተደግፋ፣ እነሱ ውሃ እስኪጠጡ ትጠብቃለች። ከፊትም ከኋላም የራሷ ፊት ይስቅባታል። በእሷ ስም የሚያርፍ ሰው ይህን ያህል ይኖራል ብላ ገምታ አታውቅም።

«አይዞዎት፣ እትዬ!» ይላል ፊሽካ።

«አንተም አይዞህ፤ ከንፈርህ ነጥቷል።»

ልጇ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ርቆ ይከተላታል። አዲስ ጫማ አድርጓል። አንድም ጊዜ አይዞሽ አላላትም፤ ዓይኑን ከእግሯ ላይ ግን አላነሳም፤ የምትረግጠውን ድንጋይ ሁሉ አብሯት ሲገምት ይሰማታል። ይሄ ደግሞ ከፊሽካው ጩኸት ይበልጥ አናደዳት።

አናት ላይ ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልሞላም። ፊሽካ ንግግር አደረገ። «እኚህ እናት ለሁላችንም ትምህርት ናቸው» አለ። ምን እንደተማሩ አልተናገረም። ንግግሩ ሳያልቅ ሁለት ሰዎች ስለ ምሳ ቤቱ መንሾካሾክ ጀምረው ነበር። ምራቷ በስልኳ እየቀረጸች «እማ፣ አንድ ነገር በይ! ለተመልካች!» አለቻት።

«ገና አልወረድኩም።»

«ይሄንንማ ማን ያየዋል? ደስ የሚል ነገር በይ።»

ካርታ ሠሪዋ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች። በሕይወቷ የምታከብራቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ አንዷ የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራት ወጣት ባለሙያ ናት። ልጅቷ በአሥር ወር ውስጥ አንድም ጊዜ አላሞገሰቻትም። ስለ ተራራው ስትነግራት «መውጣትዎን አልጠራጠርም» አለች። «ስለ መውረድዎ ግን ምንም አልልም። ጉልበቱ የሚጨነቀው ያኔ ነው።»

እንዳለችውም ሆነ። ሲወጡ ለእሷ ሲሉ ያርፉ የነበሩት ሰዎች ሲወርዱ እሷ ትዝም አላለቻቸው፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል። እንደ ፍየል እየዘለሉ ወረዱና ከታችኛው መታጠፊያ ጀርባ ጠፉ። እሷ እንደ ሸርጣን በጎኗ ዞራ፣ መጀመሪያ ዘንጎቹን፣ ቀጥሎ ቀኝ እግሯን፣ ከዚያ ግራዋን እያስቀመጠች ቀረች። ከመታጠፊያው በላይ ሃያ ሜትር ያህል ልቅ ጠጠር አለ። ልጇ ከኋላዋ ነው።

ጠጠሩ መሃል ላይ አንዱ ዘንግ ተንሸራተተ። ቀኝ እግሯ ተከተለው። ሰማዩ ትንሽ ዘመም አለ፤ ወዲያው ብብቷ ሥር አንድ እጅ ገብቶ ቀጥ አድርጎ አቆማት፣ ወዲያውም ለቀቃት። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልቆየም።

ዞራ አየችው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶታል።

«ይዘኸኛል» አለች።

«አልያዝኩሽም።»

«ብብቴ ሥር ነው የያዝከኝ።»

«እማዬ፣ ማንም አላየም። እኔም አላየሁ። በቃ፣ ቤትሽ ያንቺ ነው። እንውረድ።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ አንድ የምታውቀው ነገር ሰማች። እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ዳማ ሲጫወቱ ሆን ብላ ትሸነፍለት ነበር። እሱ የሚበላውን ጠጠር ፊቱ ገፋ ታደርግና ጣራ ጣራ ታያለች፤ «አሸነፍኩ!» ሲል «አይ አንተ ልጅ!» ትለዋለች። ያኔ የምትጠቀምበት ድምፅ ይሄ ነበር። ያንኑ ድምፅ አሁን እሱ መለሰላት፤ የተሸነፈላትም እንደ ልጅ ቆጥሯት ነው። ቤቷን በዚህ መንገድ ብታገኘው ሃምሳ አራቱን ደረጃ በወጣች በወረደች ቁጥር ምን ብላ እንደምትወጣው አሰበች። አሥራ አንዱን ካናቴራ የናቀች ሴት አሥራ ሁለተኛውን ራሷ ልትለብስ ነው።

ዞረችና ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

«የት ነው?»

«ወደ ላይኛው ቋጥኝ። ጠጠሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

«እማዬ!»

«ሥራ ላይ ልኬት ሲበላሽ መጨረሻው ላይ ቁጥር አናስተካክልም። ካለፈው ምልክት ተመልሰን እንለካለን። አንተ እዚያው ታች ሁን፤ ከኋላዬ እንዳትመጣ።»

«እግርሽ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ!»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

ከታች የፊሽካው ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሰዎቹ አንድ በአንድ ከመታጠፊያው ጀርባ ብቅ አሉ። «ምን ረስተው ነው?» አለ ቀጭኑ። «መነጽር ይሆናል» አለ ቦርጫሙ። «እኔ ሄጄ ላምጣላቸው?» አለና ዳገቱን አንጋጦ አይቶ ሐሳቡን ቀየረ። ምራቷ ስልኳን ደቀነች።

ቋጥኙ ጋ ደርሳ ዞረች። ጉልበቷ ማበጡን ሱሪዋ ነገራት። አምስት እርምጃ ወረደች፣ ስምንት ወረደች። አንድ እርምጃ ሲጨመር ቅድም የተንሸራተተችበት ቦታ ደረሰች፤ እግሯ በዚህ ድካም እዚያ ቦታ ላይ እንደማይቆምላት ያለ ጥርጥር አወቀች። መሬት ማንበብ ሥራዋ ነው።

በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ተራራ የሚወርዱ ሰዎችን ዕድሜዋን ሙሉ ስትንቅ ኖራለች። ለቱሪስትና ለሰካራም የተፈጠረ አወራረድ ነው ትል ነበር። ቀስ ብላ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች፣ ዘንጎቿን ጭኗ ላይ አጋደመች፣ በሁለት እጇ እየገፋች መንፏቀቅ ጀመረች። ውሉ ያለ ሰው እጅ ይላል፤ የራሷን እጅ አልከለከለም። አቧራው ተነሳ። ከታች አንዱ «ውይ!» አለ፣ አንዷ አፏን ያዘች፣ አንዱ ደግሞ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ማንነቱን ለይታ አየችው።

የጠጠሩ ጫፍ ላይ ደረሰች። አሁን መነሳት ነው።

የእንቅስቃሴ ባለሙያዋ እንዳስተማረቻት በጎኗ ተንከባለለች፣ በእጆቿ ተደገፈች፣ በቀኝ ጉልበቷ ተንበረከከች። ጠጠሩ ውስጥ የገባው ጉልበት የእሷ አይመስልም፤ ሌላ ሰው ተንበርክኮ እሷ ላዩ ላይ የቆመች ይመስላታል። ግራ እግሯን ወደ ፊት አምጥታ ልትረግጥ ስትል ተመለሰባት። እንደገና ሞከረች። ተመለሰባት።

«ኧረ ደግፏቸው!» አለ ፊሽካ፤ ሮጦ መጣ።

«አትንካት!»

የጮኸው ልጇ ነው። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ መሃል ገብቷል። ፊሽካ ደረቱ ላይ ተላተመና ወደ ኋላ አለ።

«አንተ ጨካኝ ነህ እንዴ? እናትህ እኮ ናት!»

«አውቃለሁ። ወደ ኋላ በል። ሁላችሁም ወደ ኋላ በሉ!» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ስልኩን አጥፊው።»

«ለማስታወሻ ብዬ...»

«አጥፊው አልኩሽ!»

ስልኩ ወረደ። አሥሩ ሰዎች ምን እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ጫማቸውን አዩ። ካርታ ሠሪዋ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ከሥር ወደ ላይ ልጇን ተመለከተችው። ጀርባውን ሰጥቷታል። እሷን የማያይበት ምክንያት ገባት፤ ካያት ሊይዛት ነው።

ግራ እግሯን ለሦስተኛ ጊዜ አመጣች። ረገጠች። ጥርሷን ነክሳ ራሷን ወደ ላይ ገፋች፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ቆመች። ዘንጎቿን አነሳች፣ ሱሪዋን አራገፈች፣ በልጇ አጠገብ አለፈች።

ፊቱ ረጥቦ ነበር። እንዳላየች ሆና ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ሳትዞር «አፍንጫህን ጥረግ» አለችው። «መኪናው ጋ እስክንደርስ ገና ብዙ ይቀረናል።»