ለፈረሳችን ቀለም ጠፋ

የባሌ ታላቅ ወንድም ስለ ዓለም ፍጻሜ ያስተምራል። ሰፈሩ «ማኅተም ፈቺው» ይለዋል፤ ሰባቱን ማኅተሞች ፈትቶ ሲጨርስ መልሶ አሽጎ እንደገና ስለሚጀምር። የሚያስተምረው በገዛ ሳሎኑ ነው። ያ ሳሎን ድሮ የእናታቸው ነበር፤ ስትሞት ወንድማማቾቹ መሃል ለመሃል በግድግዳ ከፈሉትና አንዲቷ መስኮት በእኛ በኩል ቀረች። እሱ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ ይቀመጣል። በዚች መስኮት የተነሳ ከባሌ ጋር ቃል አይለዋወጡም። ግድግዳው ግን ስስ ስለሆነ ትምህርቱ አንድም ሳይጎድል ይደርሰናል፤ ሳንመዘገብ ተማሪ ሆነናል።

ባሌ ጋሪ ነጂ ነው። ፈረሳችን ዳማ ነበር፤ ቀይ፣ ሆዳም፣ ሰው ወዳድ። አንድ እሁድ ከግድግዳው ወዲያ ሁለተኛው ማኅተም ተፈታ። ዳማ ፈረስ ይወጣል፣ በላዩ ለተቀመጠው ትልቅ ሰይፍ ይሰጠዋል፣ ሰላምን ከምድር ይወስዳል፤ ይህ የጦርነት ምልክት ነው አለ ማኅተም ፈቺው። «ምልክት ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም ያለው። ዓይናችሁን ክፈቱ!» ተማሪዎቹ ወጥተው ዓይናቸውን ቢከፍቱ፣ በራችን ላይ ታስሮ ሳር የሚያኝከውን ፈረሳችንን አዩ።

ከዚያ ወዲያ አለቀልን። ባሌ ጡብ ያደረሰላቸው ባልና ሚስት ጡቡ የት ይራገፍ በሚል ተጣሉ፤ «ዳማው ነው!» ተባለ። ጡብ ሲራገፍ ያልተጣላ ባልና ሚስት የት እንዳለ እስቲ አሳዩኝ። ሰው ግን የፈረሳችንን ዓይን ከማየት ዕቃውን በጀርባው መሸከም መረጠ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። «ቀለሙን እንቀይርለት» አልኩ።

«ፈረስ እኮ ነው!» አለ ባሌ።

«ፀጉር ፀጉር ነው» አልኩትና የሱቄን ማንጫ ሁሉ ጨረስኩበት። እንደ ደንበኞቼ ሁሉ ፈረሱም መሃል ላይ ሰለቸው፣ አስነጠሰው፣ ልሂድ አለ። በመጨረሻ ግን እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ።

በማግስቱ ከግድግዳው ወዲያ የመጀመሪያው ማኅተም ተፈታ። አምባላይ ፈረስ! ከዳማው የባሰው እሱ ነው፤ ሰላም መስሎ የሚመጣው፣ ድል እየነሳ የሚዞረው። «ትናንት ዳማ የነበረ ዛሬ ቢነጣ አትታለሉ!» ሲል፣ ተማሪዎቹ «አሜን!» ብለው ጮኹ፤ በእኛ በኩል የተሰቀለው መስታወት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ደሜ ፈላ። ሄጄ ጥቁር ቀባሁት።

ጥቁሩ እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር። ዕድላችን ሆኖ ግን ባሌ እንደ ምንም ለምኖ ያገኘው የመጀመሪያ ደንበኛ እህል ነጋዴው ነበር፤ ያስጫነውም ሚዛኑን ነው። ሦስተኛውን ማኅተም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉራቻ ፈረስ፣ በላዩ ሚዛን የያዘ፣ ትርጉሙ ራብ። ባሌ መንገዱን ሳያጋምስ ሰፈርተኛው ሱቆቹን ገልብጦ ገዛ። ከሰዓት በኋላ እውነትም የሚገዛ ዱቄት ጠፋ። ማኅተም ፈቺው እንዲህ የሰመረለት ቀን አልነበረውም።

ላስለቅቀው ብዬ በሳሙና ባሸው፣ ባሸው፣ ወደ አመድ የሚያደላ ሐመር ሆነ። አራተኛው ማኅተም! በሐመሩ ፈረስ ላይ የሚቀመጠው ስሙ ሞት ነው።

«ሌላ ቀለም አለሽ?» አለኝ ባሌ።

መደርደሪያዬን አየሁ። «ሐምራዊ አለ።»

«ተይው» አለ። ወጥቶም ቆዳ ነጋዴውን ጠራው። ከውርንጭላነቱ ያሳደገውን ፈረስ ለቆዳ! አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ባሌ አላለቀሰም። ሊገፈፍ የተቃረበውን ቆዳ ጧቱን ሙሉ ሲቦርሽ አረፈደ።

ነጋዴው መጥቶ ገመዱን እንደጨበጠ፣ ከግድግዳው ወዲያ ትምህርቱ በመሃል ተቋረጠ። ቀጥሎ «ሆዴን! ሆዴን!» የሚል ጩኸት። የማኅተም ፈቺው ሚስት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። «ኧረ ድረሱልኝ! ትርፍ አንጀቱ ነው መሰለኝ፣ መኪና ደግሞ የለም!» ባሌ ገመዱን ከነጋዴው እጅ መንጭቆ ፈረሱን ጋሪው ላይ ጠመደው።

ማኅተም ፈቺው በተማሪዎቹ ተደግፎ፣ አንሶላ ተጠቅልሎ በር ላይ ደረሰ። ፈረሱን ሲያይ ግን እግሩ አልንቀሳቀስ አለ። ላብ በላብ ሆኗል።

«በዚህ ላይ የሚቀመጠው...» አለኝ። ለእኔ ነው የተናገረው፤ ባሌን አያናግርማ። «እኔ ብቀመጥበት፣ ስሜ ማን ሊሆን ነው?»

«እማዬ ያወጣችልህ ነው» አለ ባሌ። «ውጣ!»

ወጣ። ሐመሩ ፈረስ በአውራ ጎዳናው ጋለበ፤ ከኋላው ነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ሰው ተጋድሟል። መስኮቶች ይዘጋሉ፣ ሰው በየአጥሩ ይዘላል። ማኅተም ፈቺው ሊያረጋጋቸው ብሎ «አትፍሩ፣ እኔ ነኝ! ቶሎ እመጣለሁ!» እያለ መጮሁ የቀረውንም አስሮጠው። ደግነቱ መንገዱ ሁሉ ባዶ ስለሆነ ሆስፒታል በጊዜ ደረሱ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ትርፍ አንጀቱ ይፈነዳ ነበር አለ ሐኪሙ።

ማኅተም ፈቺው ድኖ ተመለሰ። አላመሰገነም፤ ባሌም አልጠበቀም። ሥራ አልመጣም፤ ቆዳ ነጋዴው ደግሞ በየቀኑ በበራችን ማለፍ አበዛ። ይባስ ብሎ የፈረሱ ፀጉር ከሥሩ እያደገ፣ ቀዩ ብቅ ብቅ አለ።

እሁድ ሆነ። ባሌ የፈረሱን ልጓም ይሰፋል፣ እኔ ማበጠሪያዎቼን አጥባለሁ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ ፈረሱ እየቀላ ነው። ዳማው ተመልሷል። ምን እናድርግ?» ሲል ሰማነው።

የባሌ መርፌ ቆመ።

«መጽሐፉን ረጋ ብላችሁ አንብቡት» አለ ማኅተም ፈቺው። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ሰላምን እንዲወስድ ሥልጣን የተሰጠው ለፈረሱ አይደለም። ፈረስ ምን ያውቃል? በላዩ ለሚቀመጠው ነው።»

«በዚህኛውስ ላይ የሚቀመጠው ማነው?»

«ወንድሜ ነው» አለ። «ዕቃ ያለው ይጥራው።»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

ሰምቶታል እኮ። ግድግዳው ስስ ነው። ደገምኩለት።

«አንዴ ደግሞ» አለኝ።