የደመናው ዝናብ

«ዝናቡ ስንት ሆነ?» አለች እናቷ፣ ከፍራሹ ቀና ሳትል።

«ገና አላየሁም፣ እማዬ። ሦስት ሰዓት ይሙላ» አለች ልጅቱ የአባቷን መዝገብ እንዳቀፈች።

አባቷን ትናንት ነው የቀበሩት። ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ ገና ሳይቀመጥ፣ አራት ዓመት ፊቱን ያዞረው ሰማይ ድንገት ዝናቡን ለቀቀው። ዛሬ ደጃፉ ላይ የተኮለኮለው ጫማ ሁሉ ጭቃ ለብሷል።

ሟቹ የባቡር ጣቢያው የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ነበር። ከሐዲድ፣ ከአሸዋና ከፀሐይ በቀር ምንም በሌላት ከተማ ዝናብ ጠባቂ መሆን መሳቂያ ያደርጋል፤ «ደመናው» የሚል ስምም አትርፎለታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል ጓሮው ውስጥ ወደ ቆመው የዝናብ መለኪያ ይሄዳል። የውሃውን ልክ የሚያይበትን ዘንግ ይከትታል፣ አውጥቶ ያያል፣ ከዚያ ደረቁን ዘንግ በመሐረቡ ጠርጎ ይመልሳል።

«ምኑን ነው የምትጠርገው?» ትለዋለች ሚስቱ እየሳቀች።

«ሥራ ነው» ይልና ዜሮ ይጽፋል።

አንድ በጋ የጣቢያው ኃላፊ ራሱ መጥቶ ለምኖት ነበር። ሙቀቱ ከአርባ አምስት ካለፈ የሐዲድ ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ፤ ኃላፊው ደግሞ ሥራው ቸኩሎበታል። «አንድ ዲግሪ ብትቀንስ ምን አለበት?»

«አርባ ስድስት ነው፣ ጌታዬ። እኔ ብቀንሰው ፀሐይዋ አትሰማኝም።»

በዚህ ምክንያት ወደ ነፋሻ ከተማ ሊያገኝ የነበረው ዝውውር ቀረ። ያን ቀን ጥላ ሥር ካረፉት ሠራተኞች አንዱ ታናሽ ወንድሙ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት የልጁን እጅ ይዞ፣ «እኔ ሳልኖር ከመጣ ለኪልኝ» አላት። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወደ ጓሮ ወጣች። አጎቷ ትናንት ከቀብሩ በፊት ከጣቢያው ተውሶ በወጠረው የፉርጎ ሸራ ሥር ሰዎች ሻይ ይዘው ያንሾካሹካሉ። «ታየ ጉድ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ፣ በተቀበረበት ቀን!» ይላል አንዱ። መለኪያው ጥግ ላይ ነበር። አንድ ሰው ኮፍያውን አኑሮበታል። ኮፍያውን አንስታ ዘንጉን ከተተች።

ደረቅ ነው። እንደገና ከተተችው። ቀና ብላ ሸራውን አየች፤ ልክ ከመለኪያው በላይ ተወጥሯል።

አጎቷ መጣ፤ ዘንጉን አየ፣ ሸራውን አየ፣ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ።

«እኔ ነኝ የወጠርኩት» አለ። «ሰውን ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ... መለኪያው ትዝ አላለኝም።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን እሱም ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይኼኛውንማ አሸዋው ጠጥቶታል።

«አስር ሚሊ ብለሽ ጻፊለት፣ ልጄ። ማን ያውቃል?»

«ያን ጊዜ አንድ ዲግሪ ቢቀንስ ማን ያውቅ ነበር፣ አጎቴ?»

አጎቷ አንገቱን ደፋ። እሷም መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልተጻፈበትን ቃል ጻፈች፦ «አልተለካም»። እንባዋ እንዳያበላሸው ቶሎ ዘጋችው።

«ስንት ሆነ?» አለች እናቷ ከውስጥ።

ልጅቱ የጥቁር ሻሿን ጫፍ ስባ፣ ደረቁን ዘንግ ከላይ እስከ ታች ጠረገችና ወደ ቦታው መለሰችው።