ያልተለማመዳት ስንኝ

ባለቤቴ ክሌመንት ካረፈ ዘንድሮ ሁለት ዓመቱ ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት የተዋናይነት ዘመኑ አንድም ቀን ዋናውን ሰው ሆኖ አልተጫወተም። ፖሊስ፣ ቄስ፣ ሾርባ የሚደፋ አስተናጋጅ ነበር። በምንኖርባት በስካርብሮ ከተማ ያለው ሥጋ ሻጫችን እንኳ ስሙን አያውቅም፤ "ያ ከመሰላል የወደቀው ፖስተኛ እንዴት ነው?" ይለኝ ነበር። በየገናው ግን በልጆች ቴአትር ላይ የጨርቅ ጡት አስሮ፣ ዊግ ደፍቶ ወፍራሟን ወጥ ሠሪ ሲሆን አዳራሹ የእሱ ነበር።

ኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የእህቱን መሞት። ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

"ይህችን ገና ብቻ ልጨርስ፣ ኢኒድ" አለኝ። "ከዚያ በራሴ እግር እወጣለሁ። ማንም አዝኖልኝ እንዲያሰናብተኝ አልፈልግም።"

በየቀኑ ከቁርስ በኋላ ቃለ ተውኔቱን ይዤ አስጠናው ጀመር። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች በቀር ሁሉንም ያዘ። እነዚያን ወጥ ሠሪዋ መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ትላቸዋለች፤ ከመክፈቻው ቀን በፊት ግን ተዋንያን አፍ አውጥተው አይሏቸውም፣ ገድ ያበላሻል ይላሉ። በልምምድ ላይ "እንትን፣ እንትን" ብለው ያልፏቸዋል።

"አንዴ በላቸው፤ እዚህ ማን ይሰማል?" አልኩት።

"አንቺ አለሽ። ዕድሜ ልኬን ያልጣስኩትን ዛሬ ልጣስ?"

"ዕድሜ ልክህን እንዲህ አትረሳም ነበር።"

ዳቦውን ቅቤ መቀባቱን ተወ። ደግሜ አልጠየቅሁትም።

በመክፈቻው ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ አንዲት ቃል አልሳተም። ከዚያ ወደ ፊት መጣ፣ አፉን ከፈተ፣ ቆመ። ከመድረኩ ጎን ሆኜ ስንኞቹን በከንፈሬ ነገርኩት፤ አላየኝም። ዊጉን ነካ፣ የያዘውን መጥበሻ አየ፣ ሕዝቡን አየ። ልጆቹ ጀመሩ፣ ወላጆቹ ተከተሉ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እጅ ነሥቶ ወጣ።

አዘጋጁ ሚስተር ራድክሊፍ እንባውን እየጠረገ መጣ። "አንተ ተንኮለኛ ሽማግሌ፣ ገደልከን። ነገም እንዲሁ ዝም በል፣ እሺ?"

"እሺ" አለ ክሌመንት። እኔም ዳንን ብዬ ነበር።

በማግስቱ ወደ ፊት መጣና ሁለቱንም ስንኞች ጥርት አድርጎ አላቸው። ለይሉኝታ ያህል ተጨበጨበለት። ራድክሊፍ መልበሻ ክፍሉ ድረስ ተከተለን።

"ክሌም፣ ምነው? ያቺን ዝምታ የት ጣልካት?"

ክሌመንት የጨርቅ ጡቱን እየፈታ በመስተዋቱ ውስጥ አየው። "የቷን ዝምታ?"

ራድክሊፍ ቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን መደበቅ አልቻልኩም፤ በቤታችን ተዋናዩ እሱ ነበር። የራድክሊፍ ሳቅ ቆመ። ወንበር ስቦ ከክሌመንት አጠገብ ተቀመጠና፣ ሕመምተኛ እንደሚጠየቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዛሬ ቀኑ ማነው፣ ክሌም?" አለው።

ክሌመንት መልሱን ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ።